እንግዳው ተማሪ ከሦስተኛው ቀን በኋላ



በቂርቆስና በካዛንቺስ አካባቢ ለሚኖር ወይም ለሚማር ሰው እንግዳ ብርቁ አይደለም። «ካዛንቺስ» የሚለው ስም ራሱ ከውጭ የመጣ ነው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ተቋማቸው አጭር ስም፣ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው፣ የተገኘ ነው። ጣሊያኖቹ ሄዱ፤ ስሙ ግን አማርኛ ሆኖ ቀረ። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቋመና መቀመጫውን በዚሁ አካባቢ አደረገ። በ1953 ዓ.ም. አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በዚሁ አዳራሽ ተፈረመ። እስከ ዛሬም ትልቅ ጉባኤ ሲኖር መንገድ ይዘጋል፤ ባንዲራ ይሰቀላል፤ አስተናጋጁ ሁሉ እንግዳ ለመቀበል ሽር ጉድ ይላል።

ዛሬ ልናነሳው የፈለግነው ግን አጀብ የሌለውን እንግዳ ነው። አንድ ሻንጣ፣ አንድ የቅበላ ደብዳቤና የማያውቀውን ከተማ ካርታ የጫነ ስልክ ይዞ ይመጣል። ለአንድ ሴሚስተር ወይም ለአንድ ዓመት በልውውጥ ፕሮግራም የመጣ፣ አለያም በስኮላርሺፕ እዚሁ ሊመረቅ የተመዘገበ ተማሪ ነው። ጁሙዓ ከጎናችን ይሰግዳል። አሰላምቶ ጫማውን ያነሣና ይሄዳል። የዚህ መጣጥፍ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ እንዲህ ያለውን እንግዳ መቀበል የደግ ሰዎች የግል በጎ ፈቃድ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። የጀመዓችን ቋሚ ሥራ መሆን አለበት።

ለምን ቢባል የተማሪ እንግድነት ከሌላው እንግድነት ስለሚለይ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የእንግዳ መስተንግዶ ሦስት ቀን እንደሆነ፣ ከዚያ የሚያልፈው ደግሞ ሶደቃ እንደሆነ አስተምረውናል። አገራችንም በመጀመሪያዎቹ ቀኖች እንግዳ አያያዝ ማንም አይደርስባትም። ቡና ይፈላል፤ ጉርሻ ይጎረሳል፤ «በሞቴ!» ይባላል። ሆኖም ተማሪው በአራተኛው ቀንም አለ። በአራተኛው ሳምንትም፣ የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና ሲደርስም አለ። በዚያ ጊዜ የሚያስፈልገው ቡናና ጉርሻ ብቻ አይደለም። ክፍል የት እንደሚከራይ፣ ሲታመም ማን እንደሚያስታምመው፣ ረመዷን ሲገባ ከማን ጋር እንደሚያፈጥር ማወቅ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ አንድ ደግ ሰው ብቻውን ሊሸከመው አይችልም። ቢሸከመውም ያ ሰው ሲመረቅ ነገሩ አብሮት ይወጣል።

ወደ ውጭ የሄዱ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የሚነግሩን ይህንኑ ነው። የአውሮፓው የኢራስመስ ፕላስ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የልውውጥ በሩን ለአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም ከፍቷል። በቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕም ብዙ ኢትዮጵያውያን ተምረዋል፤ እየተማሩም ነው። ሄደው የተመለሱትን ስንጠይቃቸው ስለ ሕንፃዎቹና ስለ ባቡሮቹ የሚያወሩት ትንሽ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ሌላ ነገር ነው።

የአዲስ አበባ ልጅ ቀኑ ከዓመት እስከ ዓመት እምብዛም ሲረዝምና ሲያጥር አያይም፤ ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። ስቶክሆልም የሄደ ተማሪ ግን በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ስትጠልቅ ያያል። ዙህር፣ ዐስርና መግሪብ በሦስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ተደራርበው ይመጡበታል፤ ሁሉም ክፍል ውስጥ ሆኖ ያልፉታል። በሰኔ ደግሞ ፀሐይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የምትጠልቀው። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 ረመዷን በእነዚህ ረጃጅም ቀኖች ላይ ውሎ ነበር። በዚያ ሰሞን እዚያ የነበረ ሰው የጾሙን ርዝመት ይነግረናል፤ ወዲያው ግን «ርዝመቱስ ይቻላል፤ ብቻን ማፍጠር ነው የሚከብደው» ይላል። ቴምሩን ቆርሶ አጠገቡ «ቢስሚላህ» የሚለው ሰው ሲያጣ አገሩ ትዝ ይለዋል።

በዚህ መሐል ሁሉም የሚያስታውሱት አንድ ሰው አለ። የመስገጃ ክፍሉ ቁልፍ ያለበትን ቦታ ያሳያቸው የሞሮኮ ተማሪ፣ ወይም በመጀመሪያው ጁሙዓ «ዛሬ ምሳ እኛ ጋ ነህ» ያላቸው የቱርክ ቤተሰብ፣ አለዚያም ሃይማኖታቸው ሌላ ሆኖ ሳለ ፈተናው ከዒድ ጋር እንዳይጋጭ ከመምህሩ ጋር የተነጋገረላቸው የክፍል ጓደኛ ነው። የዓመቱ ትዝታ ጣፋጭ ወይም መራራ የሚሆነው እንዲህ ያለ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት በመገኘቱና ባለመገኘቱ ነው። ትምህርቱ እንኳ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

አሁን ነገሩን ገልብጠን እንየው። ወደ እኛ የመጣው ተማሪ ምን ይገጥመዋል? ከሁሉ በፊት ሰዓቱ ነው። «ፈተናው በ3 ሰዓት ነው» ሲባል እሱ ከሰዓት በኋላ ነው ብሎ ያስባል፤ እኛ ጠዋት ተፈትነን ወጥተናል። ቀጥሎ ቀኑ ነው። የምዝገባ ማስታወቂያው በዓመተ ምሕረት ተጽፎ ይለጠፋል፤ የእሱ ስልክ ከዚያ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይቀድማል። ዐሥራ ሦስት ወር ያለው ዓመት ሰምቶ አያውቅም። ረቡዕና ዓርብ ካፌ ገብቶ ሥጋ ሲያዝ «ጾም ነው፣ የለም» ይባላል፤ ጾሙ የማን እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚነግረው የለም። የሥጋው ነገርም አለ። በብዙ አገር የሙስሊምና የክርስቲያን ተብሎ የተለየ ሥጋ ቤት የለም። እኛ ከልጅነታችን ስለለመድነው የምግብ ቤቱን ሰሌዳ በጨረፍታ አይተን እንለያለን። እሱ ግን ሰሌዳውን ማንበብም አይችልም።

ቋንቋውም እንደዚሁ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ክፍል ውስጥ እኩል ነን። ከክፍል ስንወጣ ግን ሣቁም፣ ቀልዱም፣ ማስታወቂያውም፣ ደርሱም አማርኛ ነው። ከሱዳን ወይም ከጅቡቲ የመጣው ዐረብኛውን ይከተል ይሆናል። ከናይጄሪያ፣ ከታንዛኒያ ወይም ከኡጋንዳ የመጣው ግን ኹጥባው አልቆ «አቂሚ ሶላ» እስኪባል ድረስ በትዕግሥት ይቀመጣል። ማንም አልከፋበትም። ማንም ግን ሁለት ዐረፍተ ነገር ዞር ብሎ አልተረጎመለትም።

ይህን ጉዳይ «የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሥራ ነው» ብለን እንዳናልፈው የሚያደርገን የራሳችን ታሪክ ነው። ሰሐባዎች ወደ ሐበሻ ምድር ሲሰደዱ ከመካ የወጡት ትምህርት ፍለጋ አይደለም፤ ሃይማኖታቸውን ለማዳን ነው። ሆኖም በሰው አገር የቆየ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ከባለቤቷ ከጃዕፈር ቢን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ጋር እዚህ ምድር ላይ ዓመታት ኖራለች፤ ልጆችም ወልዳለች። በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በኸይበር ዘመቻ ወቅት፣ ወደ መዲና ተመለሱ። በዚያ ጊዜ ዑመር (ረ.ዐ) «በሒጅራ ቀድመናችኋል» የሚል ሐሳብ ሲሰነዝር አስማእ ዝም አላለችም። ሩቅ አገር፣ ባዕድ ሰዎች መሐል ምን እንዳሳለፉ ተናግራ ጉዳዩን ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወሰደችው። እሳቸውም የመርከቡ ሰዎች የሁለት ሒጅራ ባለቤት መሆናቸውን አበሰሯት። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው።

ሌላም ነገር ይዛ ተመልሳለች። የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ) ሴት ልጅ ስትሞት አካሏ ቅርጹ እየታየ ወደ ቀብር መወሰዱ ያሳስባት ነበር። አስማእ በሐበሻ ያየችውን ከላይ የተሸፈነ ቃሬዛ እንዴት እንደሚሠራ አሳየቻት፤ ፋጢማም ወደደችው፤ በእሱም ተሸኘች ተብሎ ተዘግቧል። እንግድነት እንዲህ ነው። አስተናጋጁ ራሱ ልብ ሳይለው የሰጠው ነገር ሩቅ አገር ሄዶ የሌላን ሰው ጭንቀት ያቃልላል። በዚያ ላይ ስደተኞቹን የተቀበላቸው ነጃሺ በዚያን ጊዜ ክርስቲያን ንጉሥ እንደነበረ አንርሳ። እኛም ለእንግዳ ተማሪ በር ስንከፍት ሃይማኖቱን አስቀድመን የምንጠይቅበት ምክንያት የለም።

የእኛዎቹ ተማሪዎችም እንግዳ ሆነው ሲሄዱ የተቀበላቸው ሥርዓት ነበር። በካይሮው አል-አዝሀር ከየአገሩ ለሚመጡ ተማሪዎች «ሪዋቅ» የሚባል ማደሪያና መማሪያ ቦታ ነበራቸው። ከእኛ አካባቢ ለሚሄዱት ሙስሊሞች «ሪዋቁል ጀበርት» ተለይቶ ተሰጥቷቸው ነበር። ሪዋቆቹ ወቅፍ ነበራቸው፤ ከወቅፉ ገቢ ተማሪው የዕለት ዳቦ ይሰፈርለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1798 ናፖሊዮን ግብፅን ሲወር ያየውን የጻፈው ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ቤተሰቡ ከዚህ አካባቢ የሄደ ነው። ዘመዶቹም ይህን ሪዋቅ በሼኽነት መርተዋል። የካይሮ ሰው ደግ ስለነበረ ብቻ ይህ ሁሉ አልሆነም። ደግነቱ ክፍል፣ ኃላፊና ዳቦ ስለነበረው ነው ትውልድ የተሻገረው።

ወደ ራሳችን ከተማ እንመለስ። በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. በአክራ በተደረገው የነጻ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ተማሪዎች 200 የስኮላርሺፕ ቦታ ለመስጠት ቃል ገባች። ብዙም ሳይቆይ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶች መጡ። ከካዛንቺስ ሽቅብ ሲወጡ በሚገኘው በአራት ኪሎው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከኢትዮጵያውያን ጋር አብረው ተቀመጡ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ በእነዚያ ዓመታት እዚህ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1962 የተመረቁ ናቸው። የተማሪዎችን እንቅስቃሴ ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት እንደሚሉት እነዚህ እንግዶች የመጡት ለነጻነት ከሚታገሉ አገሮች ነበር፤ ስለ ፖለቲካ በግልጽ ይነጋገሩ ነበር፤ ይህም የኢትዮጵያውያኑን ተማሪዎች ዓይን ገለጠ። መንግሥት እንግዶቹን ሲጋብዝ ሊሰጣቸው አስቦ ነበር። እነሱ ግን ከተቀበሉት ያላነሰ ሰጥተው ሄዱ።

ይህን ሁሉ ዛሬ ማንሣት ያስፈለገው ጊዜው ስለሚያስገድደን ነው። በካርቱም የሚገኘው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች የትምህርት ቤታቸው ነበር። ዛሬ በመስጂዶቻችንና በመድረሳዎቻችን ከሚያስተምሩን ኡስታዞች መካከል የሱዳንን ውለታ የሚያነሡ አሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ፈነዳ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፤ ተማሪና መምህር ተበተነ። ትናንት ያስተናገዱን ሰዎች ልጆች ዛሬ ከእነሱ የተወሰኑት እዚሁ አዲስ አበባ ናቸው። እነዚህ የልውውጥ ተማሪዎች አይደሉም፤ ጦርነት ያመጣቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ክፍል ውስጥ ገብተው ሲቀመጡ የሚጎድላቸው ነገር ያው ነው፤ ከዚያም ይብሳል።

መኖሪያውም ተለውጧል። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሰበብ አብዛኛው አሮጌ ሰፈር ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደዋል። ልማቱን ማንሣት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ግን አንድ ነገር አብሮ መሄዱን መናገር ይገባል። በአሮጌው ግቢ አንዲት ክፍል ያከራዩ የነበሩ እናት «ልጄ፣ በላህ ወይ?» ይሉ ነበር። አንድ ቋንቋ ሳይጋሩ ከተከራያቸው ጋር እናትና ልጅ ይሆኑ ነበር። ጎረቤት ሳይጠራ ይመጣ ነበር። ዛሬ እንግዳው ተማሪ ከግቢ ርቆ፣ ጎረቤቱን በማያውቅበት ፎቅ ላይ ነው ክፍል የሚያገኘው። ሰፈሩ ይሠራው የነበረውን ሥራ አሁን የሚሠራ ሌላ አካል ያስፈልጋል። ያ አካል ጀመዓችን ካልሆነ ማን ይሆናል?

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎችን ሰምተናል። አንደኛው «ጀመዓው ለራሱ ተማሪ እንኳ አልበቃም፤ ከክፍለ ሀገር የመጣው አዲስ ገቢ መቼ ሰው አገኘ?» የሚል ነው። እውነት አለው። መፍትሔው ግን ሁለቱን ማፎካከር አይደለም። ከወሎ ወይም ከባሌ የመጣው ልጅም ሰው ለማወቅ የሚከብደው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ለአንዱ የተዘጋጀ ሥርዓት ለሌላውም ይሆናል። ሁለተኛው «የውጭ ተማሪዎች እርስ በርስ ስለሚሰባሰቡ እኛን አይፈልጉንም» የሚል ነው። የእኛም ተማሪዎች ውጭ አገር እርስ በርስ ይሰባሰባሉ፤ ሽሮ ይሠራሉ፤ አማርኛ ያወራሉ። ይህን የሚያደርጉት የአገሩን ሰው ጠልተው ሳይሆን የሚጠራቸው አጥተው ነው። ሦስተኛው «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ነው። ከዚህ በታች የምናቀርባቸው ነገሮች አብዛኞቹ ገንዘብ አይፈልጉም።

የመጀመሪያው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ተጽፎ የአገራችንን ሰዓትና ዘመን አቆጣጠር፣ የጾም ቀናትን፣ የሐላል ምግብ ቤት እንዴት እንደሚለይ፣ በግቢው አቅራቢያ ያሉ መስጂዶችንና የታክሲ መስመሮችን ይያዝ። ሁለተኛው ጓደኛ መመደብ ነው። ለእያንዳንዱ እንግዳ ለመጀመሪያው ወር አንድ ወንድም፣ ለእህቶች አንዲት እህት ትመደብ፤ በሳምንት ሁለቴ መገናኘት ይበቃል። ሦስተኛው ከእያንዳንዱ ደርስ በኋላ አምስት ደቂቃ የእንግሊዝኛ ማጠቃለያ ነው። የእኛም እንግሊዝኛ ይጠቀማል። አራተኛው የረመዷን ዝርዝር ነው። በከተማው ቤተሰብ ያለን አባላት በወሩ ውስጥ አንድ ምሽት አንድ እንግዳ ይዘን ቤት እንሂድ። እናቶቻችን ለአንድ ሰው ተጨማሪ ሾርባና ሳምቡሳ ከብዷቸው አያውቅም።

አምስተኛው ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ መስማት ነው። በየሴሚስተሩ አንድ ምሽት ለሄዱና ለመጡ ይሰጥ። ለልውውጥ ሄዶ የተመለሰ ወንድማችን ያየውን ይንገረን፤ ሊሄድ የተዘጋጀው ይጠይቀው። የሶላት ሰዓት እንዴት ያመቻቻል? ከመምህር ጋር እንዴት ይነጋገራል? ብቸኝነት ሲይዘው ምን ያድርግ? ከእሱ ቀጥሎ ወደ እኛ የመጣው እንግዳ ይናገር። ስለ አገሩ ብቻ ሳይሆን ስለ እኛም ይናገር። ምን እንዳስገረመው፣ ምን እንደከበደው ይንገረን። አስማእ (ረ.ዐ) ዝም ብትል ኖሮ የቃሬዛው ነገር እዚሁ ሐበሻ ይቀር ነበር።

ሱረቱል ሑጁራት ሰዎች በሕዝብና በጎሣ የተለያዩት እርስ በርስ እንዲተዋወቁ መሆኑን ታስተምረናለች። መተዋወቅ ደግሞ በስም ይጀምራል። ስለዚህ የሚቀጥለው ጁሙዓ ሶላት ሲያበቃ ጫማችንን ከማንሣታችን በፊት በቀኝና በግራችን ያለውን ሰው እንይ። ስሙን እንጠይቅ፤ ከየት እንደመጣ፣ የት እንደሚኖር፣ ምሳ የት እንደሚበላ እንጠይቅ። ከዚያም ስሙንና ስልኩን ለጀመዓው ጽሕፈት ቤት እንስጥ፤ ዝርዝሩ ከዚያ ይጀምራል። ጓደኛ ለመሆን የምትፈልጉ ወንድሞችና እህቶችም እስከ ወሩ መጨረሻ እዚያው ተመዝገቡ።

አላህ (ሱ.ወ) በሰው አገር ያሉትን ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ይጠብቅልን፤ ወደ እኛ የመጡትንም በመልካም የምናስተናግድ ያድርገን። ኣሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።